ሸክላውና ሰሚው

«ጃዝ የከተሜ ቅብጠት ነው» የሚለው ክስ አዲስ አይደለም። ትናንት በየአዳራሹ ክርክር ይሰማ ነበር፤ ዛሬም ባህልን እንጠብቃለን በሚሉ ሰዎች አንደበት ይደጋገማል። ተከሳሹ አዲስ አበቤ ሲሆን ነገሩ በፌዝ ያልፋል። ጃዝ አፍቃሪው የሚኖረው በደቡብ ጎንደር ደጋ፣ በደብረ ታቦር ወይም በእብናት ከሆነ ግን ፌዙ ወደ ፍርድ ይለወጣል። «ማሲንቆ በሞላበት አገር ሳክስፎን ምን ይሠራል?» ይባላል። አዝማሪው በደጁ እያለ የጥቁር አሜሪካውያንን ጥሩምባ በሸክላ የሚያዳምጥ ሰው ሥሩን የነቀለ፣ የራሱን ንቆ የሰው የሚያመልክ ተደርጎ ይቆጠራል። ክሱ አጭር ስለሆነ ለአፍ ይመቻል። እውነትነት ግን የለውም፤ ከዚህም የሚከፋው ጉዳት ማድረሱ ነው። ምክንያቱም ይህ ክስ በሐፍረት ዝም የሚያሰኘው ሰው፣ አንድ ትውልድ የሠራውን ሙዚቃ በቤቱ ጠብቆ ያቆየው ያው ሰው ነው።

ለመሆኑ ይህ ሰው ማን ነው? ጡረታ የወጣ መምህር፣ የቀድሞ የጤና ረዳት፣ ወይም የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሊሆን ይችላል። ሸክላዎቹን ከአልጋው ሥር በቆርቆሮ ሣጥን ያኖራቸዋል፤ አቁሞ ይደረድራቸዋል እንጂ አያነባብራቸውም፤ የተነባበረ ሸክላ በክብደት እንደሚጎብጥ ማንም ሳይነግረው ደርሶበታል። ክረምት በገባ ቁጥር የደጋው እርጥበት የካርቶን ልባሳቸውን ያሻግታል፤ በበጋ ደግሞ የምድጃው ጭስና የመንገዱ አቧራ በየጭረታቸው ይገባል። መርፌ ሲያልቅበት የሚገዛበት ሱቅ በአቅራቢያው የለም፤ ስለዚህ ያችኑ ያለችውን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃታል።

እሑድ ከቀትር በኋላ ቡናው ሲቆላ አንዱን ሸክላ በሁለት መዳፉ ጠርዙን ብቻ ይዞ ያወጣል፤ በለስላሳ ጨርቅ ጭረቱን ተከትሎ ይጠርጋል፤ መርፌዋን ቀስ አድርጎ ያሳርፋል። ትንሿ ሸክላ በደቂቃ 45 ጊዜ ትዞራለች። የአንዱ ገጿ ሙዚቃ ሦስት፣ አራት፣ ቢበዛ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰውዬው ተነሥቶ ካልገለበጣት ቤቱ ጸጥ ይላል። ይህ ተራ ነገር አይደለም። በየአራት ደቂቃው ከመቀመጫ የሚያስነሣ ሙዚቃ ለሥራ ማጀቢያ ወይም ለጨዋታ ማድመቂያ አይሆንም። ወይ ይደመጣል፣ ወይ ይቆማል። (በሸክላው መሐል ወሬ የሚጀምር እንግዳ በእንዲህ ያለው ቤት ለሁለተኛ ቡና እንደማይጠራ የታወቀ ነው።)

አማርኛ ለዚህ ዕቃ የሰጠው ስም ራሱ የሚያሳስብ ነው። የቀድሞዎቹ የግራሞፎን ሸክላዎች ከሸላክ ሙጫ ጋር ተደባልቀው ይሠሩ ስለነበር ከእጅ ሲወድቁ እንደ ማሰሮ ይሰባበሩ ነበር። ኋላ በማይሰበር ፕላስቲክ ሲተኩ እንኳ ስማቸው አልተለወጠም። በጎንደር አገር ደግሞ ሸክላ ሠሪና አዝማሪ በአንድ ዓይነት ዓይን ሲታዩ ኖረዋል። የሸክላ ሠሪዋ ድስት በየቤቱ ወጥ ይሠራበታል፤ እሷ ግን ቡዳ ተብላ ትሸሻለች። የአዝማሪው ዜማ ሠርግ ያደምቃል፤ እሱ ግን ልጅ አይዳርለትም። በዕቃው እየተጠቀሙ ሠሪውን መናቅ የቆየ በሽታ ነው። ዛሬ በሽታው ከሠሪው አልፎ ወደ ሰሚው ተሻግሯል።

ሙዚቃን በቤት ተቀምጦ ማዳመጥ ከባሕር ማዶ የመጣ ልማድ ነው የሚሉም አልታጡም። እነዚህ ሰዎች ገና ጎሕ ሳይቀድ በደጃፍ ቆመው የሚያዜሙትን ላሊበሎች ረስተዋቸዋል። ላሊበሎቹ በጨለማ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ፤ ባለቤቱ ከአልጋው ሳይወርድ ያዳምጣቸዋል፤ ምጽዋቱን ሲቀበሉ መርቀውት ወደሚቀጥለው ደጅ ያልፋሉ። አዝማሪውም ቢሆን ሰሚው ካለበት ድረስ የሚሄድ ባለሙያ ነው። አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይወረውርለታል፤ አዝማሪው ቃሉን አንሥቶ በማሲንቆው ዜማ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ያጠማዝዘዋል፤ ከራሱ ጨምሮ ይመልሰዋል። ቀድሞ የተጻፈ ነገር የለም። ሁሉም ነገር የሚሠራው እዚያው፣ በዚያችው ቅጽበት፣ በሰሚው ፊት ነው። ጃዝን ጃዝ ያሰኘው ዋናው ነገር ከዚህ የተለየ ነውን? የኒው ኦርሊንስ ተጫዋች በጥሩምባው ያደረገውን የቤጌምድር አዝማሪ በማሲንቆውና በአንደበቱ ሲያደርገው ኖሯል። የአንደኛው ልጅ የሌላውን ቋንቋ በቀላሉ ቢለይ ሊያስገርም የሚገባው ማንን ነው?

ስለ ጆሮም መናገር ያስፈልጋል። በጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ፣ ዙር አምባም የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ መሆናቸውን የዜማ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ሁለቱም በዚሁ በደቡብ ጎንደር ምድር ናቸው። የድጓ ተማሪ ግዕዙን ከዕዝሉ፣ ዕዝሉን ከአራራዩ ለይቶ፣ ድፋቱንና ቅናቱን፣ ሂደቱንና ርክርኩን ሳያዛንፍ ለመያዝ ዕድሜውን ይሰጣል። አንዲት ድምፅ ከቦታዋ ብትናጋ መምህሩ ዓይኑን ሳይገልጥ ያርመዋል። ይህን የመሰለ የማዳመጥ ትምህርት ለብዙ ምዕተ ዓመታት ሲሰጥበት የኖረን አገር «ለረቂቅ ሙዚቃ ባዕድ ነው» ማለት ወይ አለማወቅ ነው፣ ወይ አውቆ መካድ ነው።

ጌታቸው መኩሪያ ይህን ዝምድና በቃል ሳይሆን በትንፋሹ አስረድቷል። ሽለላና ፉከራ የጦረኛ ቋንቋ ናቸው፤ በደጋው አገር ሠርግም ለቅሶም ያለ እነርሱ ደምቆ አያውቅም። ጌታቸው የሸላዩን ጩኸት፣ ቃል ሲበቃው በድንገት ወደ ሲቃ መለወጡን፣ ትንፋሽ ሰብሮ እንደገና መነሣቱን ከጉሮሮ ወስዶ በቴነር ሳክስፎን አፍ አስገባው። እ.ኤ.አ. በ1972 በፊሊፕስ የታተመው ትልቁ ሸክላው የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ የሚል ማዕርግ ሰጥቶታል። የአሜሪካን ነጻ ጃዝ የሚያውቁ አውሮፓውያን ከብዙ ዓመት በኋላ ሲሰሙት ከዚያ የተቀዳ መሰላቸው፤ የተቀዳው ግን ከሸላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ከኔዘርላንዱ ዘ ኤክስ ከተባለው ባንድ ጋር «ሞአ አንበሳ» የተሰኘውን ሥራ አወጣ፤ በ2016 እስኪያርፍ ድረስም ሽለላውን አልተወም። ይህን ሳክስፎን በእብናት ቤት ውስጥ የሚሰማ ሰው የማንን ሥር ነቀለ?

ሙላቱ አስታጥቄ በሌላ በር ነው የገባው። በጅማ ተወልዶ፣ በዌልስና በለንደን ተምሮ፣ በቦስተን ከበርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 በኒው ዮርክ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር የተሸከመው ጥያቄ ከባድ ነበር፤ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን፣ እነዚያን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶች፣ በ12 ድምፅ በሚሠራው የጃዝ ስምምነት ውስጥ መልካቸውን ሳያጡ ማኖር ይቻላልን? በ1972 እና በ1974 ያወጣቸው ሥራዎች መልሶቹ ናቸው። መልሱ ለሁሉም ጆሮ ላይጥም ይችላል፤ አንዳንዱ ቁራጭ ከመጠን በላይ የተቆጠበ፣ ቁጣ የጎደለው ነው ቢባል ተከራካሪ አይታጣም። ጥያቄው ግን የኢትዮጵያ ጥያቄ መሆኑን የሚክድ ሰው ሸክላውን አላዳመጠም።

የአሜሪካው ጃዝ ራሱ ወደ ደጋው ቤት የገባው አስቀድሞ በአጭር ሞገድ ነው። የአሜሪካ ድምፅ ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዊሊስ ኮኖቨር የሚያቀርበውን የጃዝ ዝግጅት ለዓለም ያሰራጭ ነበር፤ የመክፈቻ ዜማውም ከዱክ ኤሊንግተን ባንድ የተወሰደ ነበር። ያ መሥሪያ ቤት ይህን ያደረገው ለሙዚቃ ፍቅር ብቻ እንዳልነበረ ግልጽ ነው፤ ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ነበርና ጥሩምባውም እንደ መሣሪያ ተቆጥሯል። ሰሚው ግን ጥሩምባውን ወስዶ ስብከቱን ጥሎታል፤ ብልህ ሰሚ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ኤሊንግተን ራሱ ባንዱን ይዞ አዲስ አበባ መጣ፤ ሙላቱም ከእርሱ ጋር ሠራ፤ ቤተ መንግሥቱም ኒሻን ሸለመው። ከዚያ ቀደም ሲል ደግሞ በ1960ዎቹ በሰላም ጓድ የመጣው አሜሪካዊው ቻርልስ ሳተን ማሲንቆ ተምሮ ከኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ጋር ሲጫወት ሕዝቡ አጨበጨበለት። ማሲንቆ የመታውን ፈረንጅ «ባህል ወዳድ»፣ ኤሊንግተንን ያዳመጠውን የእብናት ሰው «ባህል ሻጭ» የሚል ሚዛን ከየት እንደተገዛ ባለሚዛኖቹ ይንገሩ።

ከሁሉም ይልቅ የሚያስቆጨው የሸክላዎቹ የራሳቸው ታሪክ ነው። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በድንጋጌ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረው የሙዚቃ ሱቅ ባለቤት አምሃ እሸቴ ይህን ድንጋጌ ጥሶ ዓለማየሁ እሸቴን ቀዳ፤ ሸክላውንም በመጀመሪያ በሕንድ፣ ኋላም በሊባኖስ አሳተመ። ስድስት ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና ከ10 በላይ ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ። ፊሊፕስም በገበያው ነበር፤ ዓሊ አብደላ ካይፋም ቀጠለ። ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የምሽቱ ሙዚቃ ቤት ድባብ ቀዘቀዘ። አምሃ በ1975 አገር ለቆ ሄደ። አሥርቱ ዓመት ሳያልቅ ሸክላ ቦታውን ለካሴት ለቀቀ።

እንግዲህ ያ ሁሉ ሙዚቃ የት ቀረ? በቤት። ሰዓት እላፊው ሲደርስ በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሸክላውን የሚያዞረው ሰው ነው ያቆየው። ይህን ሰው ማንም አላዘዘውም፤ ደመወዝም አልቆረጠለትም። ወዶ ሰማ፤ በመስማቱም ጠበቀ።

ክብሩ ግን ከሩቅ አገር መጣ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ አንድ ወዳጁ ከአዲስ አበባ ያመጣለትን የማሕሙድ አሕመድ ሸክላ እ.ኤ.አ. በ1984 ሰምቶ ነገሩን መከታተል ጀመረ፤ በ1986 የማሕሙድ «ኧረ መላ መላ» በአውሮፓ ታተመ፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በፓሪስ ከ30 የሚበልጡ የሙዚቃ ቅጾች ወጡ። በ2005 የሙላቱ ዜማዎች በጂም ጃርሙሽ ፊልም ሲሰሙ «የእኛ ጃዝ» የሚለው ኩራት አዲስ አበባ ላይ አፍ አወጣ። ትናንት ሸክላ ሰሚውን «ፈረንጅ አምላኪ» ያሉት ሰዎች፣ ፈረንጅ ካመሰገነው በኋላ ለማመስገን ተሰለፉ። ታዲያ አምላኪው ማነው?

ከምስጋናው ጋር ነጋዴውም ደረሰ። የዚያ ዘመን ዋና ሸክላዎች በውጭ ገበያ በመቶዎች፣ አንዳንዶቹም በሺህ በሚቆጠር ዶላር ይሸጣሉ። እዚህ ላይ በሰብሳቢዎች መካከል ያለውን ልዩነት ሳይደብቁ መናገር ይገባል። አንዱ ሰብሳቢ የሸክላውን የኅትመት ቁጥር በቃሉ ያጠናል፤ የልባሱን ጥግ መታጠፍና አለመታጠፍ ይመረምራል፤ ዋጋውን ያውቃል፤ መርፌ እንዳይጭረው ስለሚፈራ ግን አያጫውተውም። እንዲህ ያለው ሰው የሸክላ ወዳጅ ሳይሆን የሸክላ እሥር ቤት ዘበኛ ነው። ሌላው፣ የእብናቱ ዓይነት ሰው፣ ሸክላው እስኪያልቅ ይሰማዋል። ጭረቱ ሲበዛ እንኳ ጭረቱ የት እንደሚመጣ ያውቃልና ጆሮው ዘሎት ያልፋል። ንጹሑን ሸክላ ከዘበኛው መግዛት ይቻል ይሆናል፤ ዕውቀቱ ግን ያለው ከሁለተኛው ሰው ዘንድ ነው።

ስለ የትኛው ዕውቀት ነው የሚወራው? የብዙዎቹ ትንንሽ ሸክላዎች መለያ ወረቀት የዘፋኙን ስም፣ አልፎ አልፎም የባንዱን ስም ይይዛል። ሳክስፎኑን የነፋው፣ ከበሮውን የመታው፣ ኦርጋኑን የተጫወተው ብዙውን ጊዜ አልተጻፈም። እርጅና የተጫነው ሰሚ ግን የነፊውን አነፋፍ እንደ ሰው አረማመድ ይለየዋል፤ «ይህ እገሌ ነው፤ ያንን ዓመት ከዚህኛው ባንድ ወጥቶ ነበር» ይላል። ይህ ዕውቀት የተጻፈበት ወረቀት የለም። ሰውዬው ሲሞት አብሮት ይቀበራል፤ ልጆቹም ሣጥኑን አውጥተው ለመጀመሪያው ደላላ ይሰጡታል። «አሁን ሁሉም በስልክ ውስጥ አለ» ለሚሉ ሰዎች መልሱ ይኸው ነው። በስልኩ ውስጥ ዘፈኑ አለ፤ ነፊው ግን ስም የለውም።

የባህል መሥሪያ ቤቶች ስለ ቅርስ ሲናገሩ ድንጋይና ብራና ይታያቸዋል። ደብረ ታቦር የቴዎድሮስ መናገሻ ነበረች፤ በአጠገቧ ያለችው ጋፋትም ሴባስቶፖል የተሠራባት ቦታ ናት፤ ሊጠበቁና ሊጎበኙ ይገባል፤ ማንም አይከራከርም። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከሀገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ሆኖም ግማሽ ምዕተ ዓመት የሞላው ሸክላ በሻንጣ ሲወጣ ቅርስ መሆኑ ትዝ የሚለው ማነው? በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ጋይንት ደርሶ ነፋስ መውጫ ላይ ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ተዘረፉ። ከእንዲህ ያለው መከራ በኋላ የሚዘጋጅ የንብረት ዝርዝር ከብቱን፣ እህሉን፣ ቴሌቪዥኑን ይቆጥራል፤ የሰው ሕይወት በጠፋበት ሰዓት ስለ ሸክላ መጠየቅ ቅንጦት ይመስላል። ቢሆንም የአንድ ሕዝብ ድምፅ እንዲህ ባለው ቀዳዳ ነው የሚያልቀው፤ ቆጣሪ ሳይኖረው።

መፍትሔው ሸክላውን ከሰውዬው መውረስ አይደለም። ወርሶ በመጋዘን ማከማቸት ይህች አገር ከበቂ በላይ የተካነችበት ጥበብ ነው። የሚያስፈልገው ነገር ትንሽ ነው፤ በደብረ ታቦር፣ በዩኒቨርሲቲው ወይም በከተማው ቤተ መጻሕፍት አንድ ክፍል፣ ሁለት ደኅና የሸክላ ማጫወቻ፣ በቂ መርፌ፣ አንድ መቅጃ፣ ሸክላ አያያዝ የሚያውቅ አንድ ሠራተኛ። ባለቤቱ ሸክላውን ይዞ ይመጣል፤ ሸክላው ይቀዳል፤ ዋናው በዚያኑ ዕለት ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ከሸክላው ጋር የሰውዬውም ቃል ይቀዳል፤ ከየት ገዛው፣ በማን ቤት መጀመሪያ ሰማው፣ ነፊው ማን ይመስለዋል፣ ለምንስ እንዲያ መሰለው። ሌላው ሰሚ ቢቃወመው ተቃውሞውም ይቀዳ። የአሳታሚዎቹና የተጫዋቾቹ መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ስለሆነ ቅጂው ሳይፈቅዱ አይሸጥም፤ በክፍሉ ውስጥ ግን ይሰማል።

«ማን ሊመጣ?» የሚል ይኖራል። አዝማሪው ይመጣል፤ የጌታቸውን ሽለላ ሰምቶ የሚለው አያጣም። የድጓ ተማሪ ቢመጣም ማንም አይከለክለው። ዘመናዊ መሣሪያ የሚማረው ወጣት ይመጣል፤ እስከ ዛሬ የሚያውቀው በስልክ የሰማውን ያህል ነውና። የእብናቱ ሰው ግን ሣጥኑን ተሸክሞ ደብረ ታቦር ድረስ ይምጣ ማለት አይገባም፤ ዕድሜውም ሸክላዎቹም መንገላታት አይችሉም። ማጫወቻውና መቅጃው በመኪና ተጭነው ወደ እርሱ ይሂዱ። ጉዞው ከጥቅምት በኋላ፣ መሬቱ ሲደርቅ ቢሆን ይመረጣል፤ የደጋው ክረምት ለሸክላም ለሽማግሌም አይመችም።